ቪፒኤን ብቻውን ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ «የሕዝብ ዋይፋይ ስጠቀም የምልከውን ሌላ ሰው እንዳያይብኝ ቪፒኤን ብቻ ይበቃኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይበቃም። ቪፒኤን ግንኙነትህን መስጥሮ በራሱ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው። ብቻውን ለምን እንደማይበቃ እኔ ላይ ከደረሰው ልጀምር።

ኔትወርክ ስማር ዋየርሻርክን፣ ማለትም በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። የሚወጣውንና የሚገባውን ለማየት ነበር። ኢሜይሌን ስከፍት የይለፍ ቃሌ ፊደል በፊደል ስክሪኑ ላይ ተነበበ። ክው አልኩ። የኢሜይል ፕሮግራሜ ምስጠራ ሳይበራ በፖርት 110 ነበር የሚገናኘው (ፖርት ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበት የበር ቁጥር ነው)። ስንት ጊዜ በየሰው ዋይፋይ እንደዚያ ከፍቼዋለሁ! የይለፍ ቃሉን ቀይሬ፣ ፕሮግራሙንም ወደ ተመሰጠረው ፖርት 995 አዞርኩትና እንደገና አየሁ። አሁን የሚታየው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። የምትጠቀመው አይማፕ (ሌላው የኢሜይል መቀበያ መንገድ) ከሆነ፣ 143 ላይ ከሆንክ ወደ 993 ውሰደው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ መልእክቱ ከመሣሪያህ ሳይወጣ ይመስጠር፣ የሚፈታውም የምታናግረው ሰርቨር ዘንድ ሲደርስ ይሁን። ቪፒኤን የሚሸፍንልህ እስከ ራሱ ሰርቨር ድረስ ያለውን መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያልተመሰጠረው እንዳልተመሰጠረ ይሄዳል። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው አያይህም፤ የቪፒኤኑ ባለቤት ግን ሊያይህ ይችላል። በተለይ ነጻ ሲሆን፣ ባለቤቱን ከዋይፋዩ ባለቤት ይበልጥ የምታምንበት ምክንያት እንዳለህ አስብ።

ሰርቨር የምታስተዳድር ከሆነ ቴልኔትንና (ሰርቨርን ከርቀት ማዘዣ) ተራውን ኤፍቲፒ (ፋይል ማስተላለፊያ) ተዋቸው። ሁለቱም የይለፍ ቃል በግልጽ ነው የሚልኩት። በቴልኔት ፈንታ የምትጠቀምበት፣ የተመሰጠረው ኤስኤስኤች ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራው በፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተጠለፉ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። ብራውዘርህ ስለ ሰርተፊኬት (የድረ ገጹ ማንነት ማረጋገጫ) ሲያስጠነቅቅህ «ቀጥል» ብለህ አትለፍ። ምስጠራው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ቁልፉን የተለዋወጥከው መሃል ከገባው ሰው ጋር ከሆነ ምንም አልጠቀመህም። ሁሉንም ያነባል፤ አንተ ደግሞ ከባንክህ ጋር የምታወራ ይመስልሃል። ኤስኤስኤችም የሰርቨሩ ቁልፍ ተለውጧል ካለህ ቆም በል፤ ለምን እንደተለወጠ ሳታጣራ አትግባ።

ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው የድረ ገጽ ግንኙነት) የገጹን ይዘት ይደብቃል፤ የድረ ገጹ ስም ግን ብዙ ጊዜ በዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው ሥርዓት) ጥያቄና በግንኙነቱ መጀመሪያ ላይ ይታያል። የዲኤንኤሱን ብራውዘርህ ውስጥ የተመሰጠረ ዲኤንኤስ በማብራት ትዘጋዋለህ። ቪፒኤንም እዚህ ላይ ይረዳሃል፤ የምትጎበኘውን ከዋይፋዩ ባለቤት ይሰውርልሃል።

ቤትህ ስትገባ ዋየርሻርክን በራስህ ኔትወርክ ላይ ብቻ ክፈትና ኢሜይልህን አስነሣ። ያየኸውን ጻፍልን፤ የስክሪኑን ፎቶ ካያያዝክ ግን የይለፍ ቃሉን ሸፍነው።