ከእህቴ ባል ጋር ያለ ወረቀት የሠራነው የኪራይ ቤት

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቡሬ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከእህቴ ባል ጋር ገንዘብ አዋጥተን ደብረ ማርቆስ ላይ ስድስት ክፍል የኪራይ ቤት ሠራን። ካርታው በእሱ ስም ነው፤ የሚያከራየውም እሱ ነው። ዘንድሮ ድርሻዬን ስጠይቀው «ጥገና በላው» አለኝ፤ የሂሳብ ደብተሩንም አሳየኝ፤ ፎቶውን ልኬያለሁ። ውል እንጻፍ ስለው እህቴ «ወረቀት ለባዕድ ነው» ብላ ተቀየመችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጥገናው ሂሳብ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ካርታው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት የአስተዳደር አካል በስሙ የባለቤትነት ማስረጃ የሰጠው ሰው የዚያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ዛሬ በሰነድ ሲታይ እርስዎ ገንዘብ የሰጡ ዘመድ እንጂ የቤቱ ባለድርሻ አይደሉም። ገንዘቡን በባንክ ልከው ከሆነ ደረሰኙን በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ ሆኖም ደረሰኝ ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም፤ ብድር ነበር፣ ስጦታ ነበር፣ መዋጮ ነበር የሚባባሉትም እዚያ ላይ ነው።

በመሆኑም ቀዳሚው ሰነድ የእያንዳንዳችሁን ድርሻ የሚገልጸው ነው። አንቀጽ 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ባለቤትነትን የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ቤት ውስጥ ጽፋችሁ በሽማግሌ ፊት ብትፈርሙ ለእርቅ ይጠቅማል፤ ለባለቤትነት ግን አይበቃምና ወደ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የእህትዎም ፊርማ ያስፈልጋል። ይህን ሲሰሙ ቅሬታቸው ይለዝብ ይሆናል፤ ወረቀቱ የእርሳቸውንም መብት የሚያስከብር ነውና።

ሁለተኛው የአስተዳደር ውል ነው። በአንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትና ገቢ መሰብሰብ በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ፤ ቤቱን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና የግድ ነው። ከዚህ የተረፈውን እናንተው መጻፍ አለባችሁ። የላኩልኝ የደብተር ገጽ ላይ ያለው «ለጥገና 18,400» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቀን የለው፣ የትኛው ክፍል እንደታደሰ አይል፣ የቆርቆሮ ይሁን የቧንቧ አይታወቅ። የእህትዎ ባል ገንዘቡን በእውነት አውጥተውት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና በዚህ ጽሑፍ እርሳቸውም ራሳቸውን መከላከል አይችሉም። ስለዚህ የሚከተለውን የመሰለ አንቀጽ አስገቡ፦ «አስተዳዳሪው ከብር 3,000 በላይ የሚያወጣ ጥገና ከማሠራቱ በፊት የሌላውን ባለድርሻ ፈቃድ በጽሑፍ ያገኛል፤ የሰበሰበውን ኪራይና ያወጣውን ወጪ ከነደረሰኙ በየሦስት ወሩ ያቀርባል።» የገንዘቡን ልክ እንደ አቅማችሁ ወስኑት። ለድካማቸው የሚከፈላቸውንና የኪራይ ገቢ ግብሩን ማን እንደሚያሳውቅም አትለፉ፤ ያለ ክፍያ የሚያስተዳድር ዘመድ ውሎ አድሮ ክፍያውን ከኪራዩ ላይ በገዛ እጁ ሲያነሣ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የተከራዮቹ ውል አጭር ቢሆንም ኪራዩን፣ ጊዜውን፣ የመብራትና የውሃ ክፍያውን፣ ሲረከቡ የነበረውን የበርና የመስኮት ሁኔታ ይግለጽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በከተማችሁ ተፈጻሚ ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበትና ከከተማ አስተዳደሩ አረጋግጡ።

ያለፈውን የአራት ዓመት ሂሳብ በተመለከተ፣ አሁኑኑ ወደ ክስ አይሂዱ። ሁለታችሁም በምታከብሯቸው ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጣችሁ የተማመናችሁበትን በአንድ ዝርዝር፣ ያልተማመናችሁበትን በሌላ ዝርዝር ጽፋችሁ በሁለቱም ላይ ፈርሙ። ድርሻዎ በውልና ማስረጃ እስኪጸና ድረስ ግን ለዚያ ቤት ተጨማሪ ገንዘብ አይላኩ።