«ኮሚሽኒንግ» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የስበት ሞገድን (ከጠፈር መጥቶ ርዝመትን በጥቂቱ የሚለዋውጠውን ሞገድ) በሌዘር ስለሚፈልጉ መሣሪያዎች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። መሣሪያው ተተክሎ ካለቀ በኋላ እስኪስተካከል ያለውን ረጅም ሥራ «ኮሚሽኒንግ» ይሉታል። «ምረቃ» ብዬ ብጽፍ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ በባልደረባዎ አልፈርድም። ምረቃ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ ከሪባኑ በኋላ የሚመጣው ልፋት ነው። የአሜሪካው የስበት ሞገድ መፈለጊያ፣ ላይጎ፣ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለሳይንስ የሚሆን መረጃ መሰብሰብ የጀመረው ግን በ2002 ነው።

ቃሉን «ኮሚሽን» ብለው እንዳያሳጥሩትም። ፒያሳ ላይ ኮሚሽን ሲባል ትዝ የሚለው ደላላ ነው። «የሙከራ ሥራ» ለውል ሰነድ ያስኬዳል፤ ፋብሪካ «የሙከራ ምርት ጀመረ» ይባል የለ? ለእኔ ግን ደረቅ ነው።

እኔ ብሆን «ማሟሸት» እላለሁ።

ሰሞኑን ቤታችን ከቀጨኔ አዲስ ምጣድ ገባ። ባለቤቴ ጎመን ዘር በተነችበት፣ በማሰሻ አሸችው፣ አጋለችው፣ ደግማ አሸችው። የመጀመሪያው እንጀራ እንዲያም ሆኖ ተጣብቆ በፍርፋሪ ተነሣ። እሳቱን መጠን አድርጋ እንደገና ያዘችው። ምጣዱ የተሠራው ቀጨኔ ነው፤ እንጀራ የለመደው ግን እኛ ማጀት ነው።

ላይጎም እንዲሁ ነው። የሌዘር ብርሃን የሚመላለስባቸው ክንዶቹ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር ናቸው (ለአራት ኪሎ ሰው ይህ አይረሳም)። አሁን ያሉት መስታወቶች 40 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ከመስታወት በተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለዋል። ሞገዱ ሲያልፍ ክንዶቹ ላይ የሚፈለገው የርዝመት ለውጥ የፕሮቶንን ስፋት አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ነፋሱም፣ የመኪናው ንዝረትም ይረብሸዋል። ማሟሸት ማለት ረባሹን አንድ በአንድ እያደኑ ማስወገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃንፎርድ በሚባል ቦታ ያለው የላይጎ መሣሪያ ላይ አንድ ጊዜ ረባሾቹ ቁራዎች ሆነው ተገኙ። ቱቦ ላይ የጋገረውን በረዶ ሲነቁሩ መረጃው ውስጥ ይሰማ ነበር!

እግረ መንገዴን፣ «ሎክ አደረገ» የሚለውን «ቆለፈ» እንዳይሉት። መስታወቶቹ ቦታቸውን ጠብቀው ብርሃኑ በክንዶቹ ውስጥ ሲጠራቀም ነው እንዲያ የሚባለው። «ያዘ» ይበሉት፣ ስልካችን ኔትወርክ «ያዘ» እንደምንለው። ሲጠፋም «ለቀቀ»። «የስበት ሞገድ» ማለትዎ ደግሞ ትክክል ነው፤ ማዕበሉ ለባሕር ይቅር።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ። ግሡን ይውሰዱ፣ «ማሟሻ» የሚለውን ስም ይሽሹት። «የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ» የሚል ሰው ቅሬታ ላይ ነው፤ መጀመሪያ እኔ ላይ ተሞከረ፣ እኔው ተበላሸሁ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ሞገድ ደግሞ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015፣ መደበኛው ምልከታ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። «የማሟሻ ውጤት» ብለው ቢጽፉ አንባቢ ያ ተጣብቆ የተነሣው እንጀራ ይመስለዋል። እንዲህ ይጻፉት፦ «ላይጎ ገና እየተሟሸ ሳለ የመጀመሪያውን የስበት ሞገድ መዘገበ።»

ባልደረባዎ አሁንም ከሳቁ ይጻፉልኝ።