መኪናው ሊቆም ሲል ፍሬኑ የሚከዳው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የደረሰኝ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከሚኖሩ አንባቢ ነው። የ2002 ሞዴል ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ፒካፕ አላቸው። ትራፊክ መብራት ጋር ደርሰው መኪናው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው የፍሬኑ ፔዳል ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ከታች የመፍጨት ድምፅ ይሰማል፣ መኪናውም አንድ ሁለት ሜትር አልፎ ይሄዳል። የፍሬን ሸራና ዲስክ ቀይረዋል፤ ለውጥ የለም። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት በርቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ የኤቢኤሱ ፓምፕ ከነኮምፒውተሩ ይቀየር ተብለዋል።

ወንድሜ፣ ፓምፑን ለመግዛት አይቸኩሉ። የነገሩኝ ምልክት በዚህ መኪና ላይ በጣም የታወቀ ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የጎማውን ፍጥነት ለኤቢኤሱ ኮምፒውተር ከሚነግረው የፊት ጎማ ሴንሰር ሥር የበቀለ ዝገት ነው።

ሴንሰሩ ውስጥ ማግኔትና የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። ከፊቱ ጥርስ ያለው ቀለበት ከጎማው ጋር ይሽከረከራል፤ ጥርሶቹ ሲያልፉ ሽቦው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጎማው በፈጠነ ቁጥር ይህ የኤሌክትሪክ ምልክት ይበረታል፣ ባዘገመ ቁጥር ይደክማል። በሴንሰሩና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋም እንዲሁ ይደክማል። በክረምት መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ሴንሰሩ የተቀመጠበትን ብረት ያዝገዋል፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሴንሰሩን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሰዓት 60 ማይል ሲነዱ ምልክቱ ይበቃል፤ ከ10 ማይል በታች ሲወርዱ ግን ይጠፋል። ኮምፒውተሩም ያ ጎማ ብቻውን የተቆለፈ ይመስለውና የፍሬኑን ግፊት ይለቅቃል። ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ስለሚያምን የብልሽት መብራት አያበራም። እርስዎ ግን ከፊትዎ ላለው መኪና ወይም ለእግረኛው ሁለት ሜትር ብቻ ሲቀርዎት ፍሬን ያጣሉ። ነገ ዛሬ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

አምራቹ ራሱ በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2002 ሞዴል የሆኑ 800,000 ያህል ፒካፖችንና መሰል መኪኖችን በዚሁ ምክንያት ለጥገና ጠርቶ ነበር፤ ጥሪው ጨው የሚበዛባቸውን ክፍለ ግዛቶች የሚመለከት ሲሆን ኦሃዮም አንዷ ነበረች። የሻሲ ቁጥሩን ይዘው አከፋፋዩን ይጠይቁ። ያኔ ተሠርቶለትም ቢሆን ዝገቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ለማረጋገጥ ባዶ ሜዳ ላይ የኤቢኤሱን ፊውዝ ነቅለው በዝግታ እየነዱ ደጋግመው ይቁሙ። መንቀጥቀጡ ከጠፋ መካኒካዊው ፍሬን ደህና ነው ማለት ነው። ፊውዙን ወዲያው ይመልሱ፤ ነቅሎ መተው መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፣ እኔ ግን ለማንም አልመክርም፤ የፊትና የኋላ ፍሬን ኃይል ክፍፍሉም አብሮ ይበላሻል። ቀጥሎ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ የጎማዎቹን ፍጥነት በሚያሳይ ስካነር ከ20 ማይል ቀስ እያሉ ይቁሙ፤ ከሌላው ቀድሞ ዜሮ የሚለው ጎን ጥፋተኛው ነው። በዚህ መኪና የኋላው ፍጥነት የሚነበበው ከማርሽ ሳጥኑ በኩል ስለሆነ የሚፈተሹት ሁለቱ የፊት ሴንሰሮች ብቻ ናቸው። በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የሴንሰሩን ኦም መለካት የተበጠሰ ሽቦን ያሳያል፤ ዝገት ከቦታው ገፍቶ ያነሳውን ሴንሰር ግን አያሳይም። ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ሲጀመር መኪናውን በክሪክ ብቻ አይመኑት፤ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ያስገቡ። ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ዕቃ) ከፈቱ በኋላ በፍሬን ዘይት ላስቲክ ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ አስረው ይስቀሉት። ዲስኩ ሲወጣ ሴንሰሩ በአንድ ብሎን ታስሮ ይታያል። ብሎኑን ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩና ይታገሡ። በጉልበት ከሳቡት ፕላስቲኩ ተሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል።

ሴንሰሩ እንደወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ከሥሩ ኩሽኔታው አለ። ከዚያ ሴንሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ በጥፍርዎ ይዳብሱት። ቡናማው ቅርፊት ከካርቶን ወረቀት የማይበልጥ ውፍረት ይኖረዋል፤ ይህን ሁሉ ችግር ያመጣው እሱ ነው። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፣ ስስ የዚንክ ቀለም ይቀቡት፣ ሲደርቅ ጥቂት ግሪስ ያድርጉበት። ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ አዲስ ሴንሰር ዝገቱ ላይ አስሬ መኪናውን ሸኘሁ፤ በወሩ ተመልሶ መጣ። ሴንሰሩ ምንም ሳይሆን ቦታው ብቻ ጸድቶ የተስተካከለ መኪናም ብዙ አይቻለሁ። ጎማውን ላይና ታች ይዘው ሲያወዛውዙት ከተላወሰ ግን ኩሽኔታው አልቋልና ከነሴንሰሩ የሚመጣውን ሙሉ ዕቃ ይቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሥር እያሉ የእጅ ባትሪ ይያዙና በሻሲው የግራ ጎን የሚሄዱትን የፍሬን ዘይት ቱቦዎች ይመልከቱ። ጨው ሴንሰሩን ካገኘ እነሱንም አግኝቷቸዋል። በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ቱቦ ካዩ መኪናውን አያንቀሳቅሱት፤ ሴንሰሩን ትተው መጀመሪያ ቱቦውን ያስቀይሩ።