ጃንጥላህ ሲከፈት አንገትህን ከመታህ መጀመሪያ ላስቲኩን እይ

ወንድሜ ጥያቄህን አነበብኩት። 60 የፓራሹት ዝላይ አለህ፣ ያገለገለ ባለ 9 ሴል (ዘጠኝ የአየር ክፍል ያለው)፣ 170 ስኩዌር ፊት ጃንጥላ ገዝተሃል፣ ከአምስት ዝላይ በአንዱ «መኪና የገጨኝ ይመስል» ይከፈታል። አንዱ አፍንጫውን፣ ማለትም የጃንጥላውን የፊት ጠርዝ፣ ጠቅልለው ብሎሃል፣ ሌላው አጣጠፍህ ስለማያምር ነው ብሎሃል። ማንን ልስማ ነው ያልከው። እኔ ሪገር (ፈቃድ ያለው የፓራሹት ባለሙያ) አይደለሁም። ግን እዚህ አሜሪካ ስዘል 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የሰው ጃንጥላ እያጠፍኩ ነው የራሴን የዝላይ ወጪ የሸፈንኩት። ስለዚህ በእጄ ያለፈውን ልንገርህ።

ማማሩን እርሳው። ቆንጆ አድርጎ ማጠፍ ለነጠላ ነው። ጃንጥላው ከባጉ፣ ማለትም ታጥፎ ከሚገባበት ከረጢት፣ ሲወጣ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ንፋስ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ስትለፋባት የቆየሃት እጥፋት እዛ ጋ ምንም አትቆይም። ከማውቃቸው ፓከሮች ሁሉ በጣም ለስላሳ የሚከፈትለት ሰውዬ ሲያጥፍ ብታየው ብርድ ልብስ በጉልበት ሻንጣ ውስጥ የሚከት ነው የሚመስልህ። ግን ሦስት ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም፦ ስላይደር፣ ላይን (ጨርቁን ካንተ ጋር የሚያገናኘው ገመድ)፣ ላስቲክ (ላይኑን አጣጥፎ ባጉ ላይ የሚይዘው)።

ስላይደሯ ያቺ አራት ጥግ ላይ የብረት ቀለበት ያላት ጨርቅ ናት፣ ላይኖቹ በቀለበቶቹ ውስጥ ያልፋሉ። ጃንጥላው ሊዘረጋ ሲል ላይኖቹ ወደ ጎን እየሰፉ ወደ ታች ይገፏታል፣ ንፋሱ ደግሞ ከስር ይዞ ወደ ላይ ይመልሳታል። ትግሉ ረዘም ካለ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ከተሸነፈች ዱብ ያደርግሃል። እና ስታጥፍ እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ ላይ ወጥታ ጨርቁ ስር ያሉት ማቆሚያዎች ጋ ካልተጣበቀች ጃንጥላው ገና ከመነሻው መስፊያ ቦታ አገኘ ማለት ነው። አንድ ስንዝር ወርዳ ከታጠፈች ያንን ቀን አትረሳውም።

ሰው የሚሳሳተው ጃንጥላውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ጨርቁን ሲደረድር አይደለም፣ እዛ ጋ ሁሉም ጎበዝ ነው። መሬት ላይ ሲያጋድመው ነው። ጎንበስ ስትል ላይኖቹ ይላላሉ፣ ከዛ አየሩን ለማስወጣት በጉልበትህ ስትጫነው ጨርቁ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ስላይደሯ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ አንተ አታያትም። ስለዚህ ከማጋደምህ በፊት ቀለበቶቹ ስር ላይኖቹን በአንድ እጅህ ጨብጥ፣ ላይኑን ወጥረህ ይዘህ ውረድ፣ እስክትጨርስ አትልቀቅ። እኔ እስከ ዛሬ ባጉ ውስጥ ከመክተቴ በፊት እጄን በስር ሰድጄ አራቱን ቀለበቶች በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። አንድ ሁለት ሦስት አራት። ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ስትደረድር ደግሞ የስላይደሯን ጨርቅ በአራቱ የላይን ቡድኖች መሃል እኩል እኩል አውጣው፣ የፊቱን ጠርዝ ወደ አፍንጫው በኩል ሳብ አድርገው፣ ንፋሱ መጀመሪያ እሷን እንዲያገኛት።

አሁን ላስቲክ። እኔን የመታኝ እሱ ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ አራት ሆነን ከ13,500 ጫማ ወጣን፣ ተለያየን፣ 4,000 ላይ ፓይለት ሹቷን፣ ዋናውን ስባ የምታወጣውን ትንሿን ጃንጥላ፣ ወረወርኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው የገዛ ጫማዬን ፊቴ ፊት ለፊት ማየቴን ነው። ወረድኩ፣ ቆምኩ፣ ሳቅኩም። ማታ ላይ አንገቴ ተቆለፈ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪና ወደ ኋላ ሳስኬድ ሙሉ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። ጓደኛዬ ከራስ ቁሩ ካሜራ የቀረጸውን ቀስ አድርገን ስናየው ነገሩ ፍንትው አለ። ባጉ ገና ከጀርባዬ ሲነሳ ላይኖቹ በአንዴ ዝርግፍ ብለው ወጡ።

መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ ባጉ ወደ ላይ ሲሄድ ላይኑ ከየላስቲኩ አንድ በአንድ ይፈታል፣ እስከ መጨረሻው ይወጠራል፣ ከዛ በኋላ ነው የባጉ አፍ የሚከፈተው። ላስቲኩ ከላላ ግን ላይኑ ሳይወጠር አፉ ይከፈታል፣ ጃንጥላው አየር መያዝ ይጀምራል፣ አንተ ግን በሙሉ ፍጥነትህ እየወደቅክ ነው፤ የላላው ላይን ሲያልቅ ጉዱ ይፈላል። የእኔ ላስቲኮች ደግሞ አርጅተው እንደ ቆየ የካልሲ አፍ ሆነው ነበር። አይቻቸዋለሁ እኮ። «ነገ እቀይራለሁ» ብዬ ነው።

ስለዚህ የላላውን ሁሉ ዛሬ ቀይር፣ መቀየሪያው የሳንቲም ነገር ነው። ላይኑ ቀጭን ከሆነ ላስቲኩን ሁለት ዙር አዙረው። በተለይ የባጉን አፍ የሚዘጉት የመጀመሪያዎቹ ጥብቅ ይሁኑ። የእኔ ሙከራ ቀላል ናት፦ አፉን ከዘጋሁ በኋላ ላይኑን ይዤ ባጉን ከመሬት አነሳዋለሁ፤ በራሱ ክብደት ከተፈታ ላልቷል። «አጥብቄ ሳይፈታ ቢቀርስ» እንደምትል አውቃለሁ፣ እኔም ብዬ ነበር። ላስቲክ የተመረጠው ሲጨንቀው ስለሚበጠስ ነው። የማይበጠስ ነገር ግን እንዳታስገባበት። ከመጨረሻው ላስቲክ እስከ ራይዘሩ (ላይኑ ትከሻህ ላይ የሚያያዝበት ጠፍር) ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ላይን ልቀቅ፣ ባጉ ሳይጣመም እንዲነሳ።

አፍንጫውን ጠቅልል ላለህ፣ በእኔ በኩል አልስማማም። ሁለቱን ጎን እኩል ካልጠቀለልከው ጃንጥላው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ይከፈትብሃል፣ ከዛም በላይ ዋናውን ጥፋት ይሸፍንልሃል። ወደ ውስጥ ገባ አድርገህ ተወው። የጃንጥላህ መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይበልጣል። የጭራው (የኋላ ጠርዙ) መጠቅለል ደግሞ ባጉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እቃው እንዳይበተን ነው እንጂ ብዙ አትጨነቅበት።

ግን አንድ ነገር አለ፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በፊት መጠየቅ የነበረብኝ። ያገለገለ ነው ብለሃል። ላይኑ ስፔክትራ ከሚባለው ክር ከሆነ ስላይደሯ በወረደች ቁጥር በቀለበቶቹ ፍትጊያ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ያጥራል። ሁሉም እኩል ቢያጥር ችግር አልነበረም። የዳሮቹና የፍሬኖቹ ከመሃሎቹ የበለጠ ያጥራሉ፣ ጃንጥላው ቅርጹ ይዛባል፣ አንተ እዚህ እጥፋት ላይ ስትጨቃጨቅ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ቬክትራን አያጥርም፣ ግን እየተላገ ይሳሳል። ዳክሮን ወፍራም ነው፣ ለመሳብም ይሰጣል፣ አንገትህን ይወድሃል። ስለዚህ ሪገር ጋ ውሰደውና ላይኑን ያስለካልህ። ከጃንጥላው አምራች ሰንጠረዥ ጋር ያስተያየዋል፣ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። እኔ አንድ ወር ሙሉ አጣጠፌን ስቀያይር የከረምኩበት ጃንጥላ ነበረኝ፤ ላይኑ ሲቀየር በመጀመሪያው ዝላይ በግ ሆነ።

ሰውነትህንም እይ። የንፋሱ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በ190 ፋንታ በ250 ላይ ብትወረውር 1.7 እጥፍ ገደማ ነው የሚጫንህ። ትራክ አድርገህ (ከሌሎቹ ለመራቅ አየር ላይ ወደ ጎን ተንሸራተህ) ስትጨርስ ወዲያው አትወርውር፣ ተዘርጋና ሁለት ሦስት ሰከንድ ፍጥነትህን አውርድ። ትከሻህ እኩል፣ ዓይንህ አድማሱ ላይ። «ተከፈተልኝ ወይ» ብለህ ቀና አትበል፣ አንገት የሚጎዳው እንደዛ ነው።

ለስላሳ ይሁን ተብሎ ጭራሽ ካልተከፈተ ደግሞ ምን ይረባል፣ ስለዚህ ሁለት ነገር ሳልልህ አልሄድም። ከመጀመርህ በፊት ላይኑን ከራይዘር እስከ ጨርቁ ተከተለው፣ ጀርባህ ላይ የምታዝለው ቦርሳ በላይኖቹ መሃል ሾልኮ ተገልብጦ ይሆናል፣ በተለይ ከንፋስ ውስጥ ሰብስበህ ስታመጣው። ሁለተኛው ፓይለት ሹቷን ለሥራ ማዘጋጀት ነው። የውስጥ ገመዷ ተስቦ ባለቀለሙ ምልክት በመስኮቷ ካልታየህ ስትወረውራት አየር አትይዝም፣ እንደ መሀረብ ከኋላህ ትርገበገባለች። እኔ ሁለት ጊዜ አያታለሁ፦ ስጀምር፣ ከዛ ደግሞ ቦርሳውን ፒን ስዘጋ።

አጎቴ ድሮ አየር ወለድ ነበር። ሊጠይቀን መጥቶ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ሳጥፍ አገኘኝ፣ ሚስቴ ላይኑን እየተሻገረች ቡና ታቀርባለች። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ይሄን የሚያጥፍልህ የለም?» አለኝ። እኔው ነኝ አልኩት። «ታዲያ ማንን ልትከስ ነው?» አለና ቡናውን ጠጣ። መጠባበቂያውን ግን እዚህ አገር ሕጉ ራሱ ለሪገር ነው የሰጠው፣ በየ180 ቀኑ፤ እሱን እንዳትነካው።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቅከኝ፦ ይሄን ሳምንት ላስቲኩን ቀይር፣ ላይኑን አስለካ። ቀጥሎ አምስት ዝላይ ስላይደሯን ብቻ እየተጠነቀቅክ እጠፍ፣ ሌላ ምንም አትቀይር፣ አለበለዚያ የቱ እንደሠራ አታውቅም። ከላይህ ያለውን የሚያሳይ ካሜራ ያለው ጓደኛ ካለህ ሲከፈት ያንሳህ። እና የሸጠልህ ሰውዬ ላይኑ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከተቀየረ ደግሞ ስንት ዝላይ እንደተዘለለበት ነግሮሃል? እሱን ጻፍልኝ።