ስንዴውን ሳታውቁ ቀመሩን አትንኩ

በግብርና ምርቶች ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ጥናት ለመሥራት የተነሣችሁ ወጣቶች፣ አብዛኞቻችሁ በስበት ሞዴል እንደምትጀምሩ አውቃለሁ። ጥሩ መነሻ ነው። ኢኮኖሚስቱ ያን ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ የሁለት አገሮች ኢኮኖሚ ሲሰፋ ንግዳቸው ይጨምራል፣ ርቀታቸው ሲበዛ ይቀንሳል። ቀመሩ ግን ስንዴን ከስልክ አይለይም። መለየቱ የእናንተ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ዳታውን አጥሩ። በጉምሩክ መለያ ቁጥር ከምዕራፍ 01 እስከ 09 ያሉት፣ ማለትም ሥጋው፣ ወተቱ፣ አትክልቱ፣ ፍራፍሬውና ቡናው፣ በዜሮ ይጀምራሉ። ፋይሉን በኤክሴል እንደ ቁጥር ከከፈታችሁት 0901 የነበረው ቡና 901 ይሆናል። ከታሪፍ ሠንጠረዡ ጋር ስታገናኙት አይገጥምም፣ ቡናው ሳታዩት ከጥናቱ ይወጣል። ስለዚህ ያንን ዓምድ ገና ስታስገቡት እንደ ጽሑፍ አስነብቡት።

ቡናን ካነሣን አይቀር፣ በ0901 ሥር ጥሬውም የተቆላውም አለ። ጀርመን ቡና ሳታበቅል ትልቅ ቡና ላኪ ሆና የምትታየው ጥሬውን አስገብታ፣ አንዳንዱን ቆልታ፣ አንዳንዱንም እንዳለ መልሳ ስለምትልክ ነው። ወደ ስድስት አሃዝ ውረዱ፤ ካፌይኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና 090111፣ የተቆላው 090121 ነው። ከእያንዳንዱ ላኪ አገር ጎን የራሱን የምርት መጠን አስቀምጡ። ያላመረተውን የሚልክ አገር ካያችሁ፣ የአየር ንብረቱና የመሬቱ ስፋት ስለ ንግዱ ምንም አይነግራችሁም።

የላኪውና የአስመጪው መዝገብ እምብዛም አይስማማም። የአስመጪው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ማጓጓዣና መድንን ይጨምራል፣ የላኪው አይጨምርም። እኔ የአስመጪውን እመርጣለሁ፤ ቀረጥ የሚሰበሰበው ከሚገባው ዕቃ ላይ ስለሆነ ጉምሩክም ዓይኑን የሚጥለው እዚያው ላይ ነው።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ግን ዜሮ ላይ ነው። በስድስት አሃዝ ደረጃ አብዛኞቹ ጥንድ አገሮች ጨርሶ አይነግዱም፤ የስበት ቀመሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በሎጋሪዝም ነው፣ ዜሮ ደግሞ ሎጋሪዝም የለውም። ዜሮዎቹን ብትጥሉ የሚቀሩላችሁ የንግድ መሰናክሉን ያለፉት ብቻ ናቸው፤ መሰናክሉም ትንሽ ይመስላል። በሁሉም ላይ 1 መደመር የሰነፍ መላ ነው፤ በዶላር ሲሆንና በሺህ ዶላር ሲሆን ውጤቱ ይለያያል። ኢኮኖሚስቶቹ ሳንቶስ ሲልቫና ቴንሬይሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳዩትን የፖይሰን ስሌት ተጠቀሙ፤ ንግዱን ያለ ሎጋሪዝም እንዳለ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ግን ዜሮው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ። አስመጪው በዚያ ዓመት ምንም ሪፖርት ካላደረገ ያ ዜሮ አይደለም፣ የጎደለ መረጃ ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ላኪና አስመጪ በየዓመቱ ፊክስድ ኢፌክት፣ ማለትም የዚያን አገር የዚያን ዓመት የራሱ የሆነውን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ መለያ፣ ታስገባላችሁ። ማስገባታችሁ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አስመጪው በሁሉም ላይ እኩል የሚጥለው ቀረጥ ወይም የዕፅዋት ጤና ደንብ እዚያው ውስጥ ይዋጣል፣ ለብቻው አይለካም። መውጫው የአገር ውስጥ ሽያጩን፣ ማለትም ከምርቱ ወደ ውጭ ከተላከው የተረፈውን፣ ዳታው ውስጥ መጨመር ነው፤ ቀረጡ የአገር ውስጡን ሽያጭ ስለማይነካ ልዩነቱ ይታያል። እዚህ ላይ ምርቱና የተላከው አንድ ዓይነት ይሁኑ። 100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ተፈልፍሎ 67 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህን ሳታስተካክሉ ብትቀንሱ የአገር ውስጡ ሽያጭ ከልክ በላይ ያብጣል።

የጊዜውም ነገር አለ። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 የጣለችው የእህል መላክ እገዳ እስከ ሰኔ 2011 መጨረሻ ቆይቷል። በጥር በሚጀምር ዓመት ብትቆጥሩ እገዳው ለሁለት ዓመት ተከፍሎ በሁለቱም ግማሽ ሆኖ ይታያል። ከሐምሌ እስከ ሰኔ ባለው የምርት ዓመት ከቆጠራችሁ ግን ከሞላ ጎደል በአንድ ዓመት ይወድቃል።

ጥያቄያችሁ «ቀረጡ ቢነሣ ምን ይሆናል?» ከሆነ ኢኮኖሚስቱ አርሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው ሐሳብ ላይ ወደተመሠረቱት ሞዴሎች መሄዳችሁ አይቀርም። እነዚህ የየአገሩን ስንዴ እንደተለያየ ዕቃ ይቆጥራሉ፤ መነሻው ላይ ዜሮ የነበረ ንግድ ቀረጡ ምንም ያህል ቢወርድ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ኢላስቲሲቲውንም፣ ማለትም ዋጋ ሲለወጥ ገዢው ከአንዱ አገር ዕቃ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደሚዞር የሚለካውን ቁጥር፣ በግማሹና በእጥፉ አስልታችሁ ውጤቱ የቱን ያህል እንደሚዋዥቅ አሳዩ።

በኮታ የተከፈለ ቀረጥ ሲያጋጥማችሁ አማካይ አትውሰዱ። ለምሳሌ እስከ 10,000 ቶን ድረስ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 60 በመቶ ነው እንበል። ገበያው የሚያስገባው 7,000 ቶን ብቻ ከሆነ 60ውን ወደ 40 ማውረድ ምንም አይለውጥም። ገቢው ዓመት ከዓመት 10,000 ላይ ከቆመ ደግሞ 5ቱን ማንሣት አንድ ቶን አይጨምርም፤ ልዩነቱ የኮታውን ፈቃድ የያዘው ኪስ ይገባል።