የማስተርስና የፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቀነ ገደቡ አራት ወር ቀርቶታል። ድርሰቱን ልጀምር ወይስ ሌላ የማስቀድመው ነገር አለ?

መልስ፦ ድርሰቱ በእጅህ ነው፣ ይቆያል። በሰው እጅ ያለውን አስቀድም፦ ፓስፖርት፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ቀጠሮ፣ ደብዳቤ የሚጽፉልህ ሰዎች። ለፈተናው ስትመዘገብ ስምህን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገባ፤ ካልተመሳሰለ ከፈተናው በር ሊመልሱህ ይችላሉ። የቶፍልና የአይኢኤልቲኤስ ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው የጂአርኢ ደግሞ 5። «ለማንኛውም ልፈተን» ብሎ በጣም መቅደም ሁለቴ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ የሚጠይቀው 2,800 የሥራ ሰዓት እንዴት ይቆጠራል? አንድ ቦታ ሁለት ዓመት አልሠራሁም።

መልስ፦ አንድ ቦታ መሆን የለበትም። ስሌቱ በሳምንት 35 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ ለ2 ዓመት ነው። ፓርት ታይም ሥራ፣ በጎ ፈቃድ፣ ደመወዝ የሌለው ኢንተርንሺፕም ይደመራል። ለዲግሪው ግዴታ ሆኖ የተሠራ የተግባር ልምምድ ግን አይገባም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ስህተት ደግሞ ቅጹ ላይ ሦስት ኮርስ መርጦ ዩኒቨርሲቲዎቹን መርሳት ነው። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ካላመለከትክ ማንም አያመለክትልህም።

ጥያቄ፦ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ከዲኑ ላስጽፍ አስቤያለሁ፤ ግን አላስተማሩኝም። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። የማያውቅሽ ባለ ማዕረግ «ጎበዝና ታታሪ ናት» ከማለት አያልፍም፤ ይህን ደግሞ ገምጋሚው በቀን ሃምሳ ጊዜ ያነበዋል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከረ ሌክቸረር ይሻልሻል። ስድስት ሳምንት ቀድመሽ ጠይቂ። ከጥያቄው ጋር ትራንስክሪፕት፣ ሲቪና የሞቲቬሽን ሌተርሽን ረቂቅ ላኪ፣ አብራችሁ የሠራችሁትንም ሦስት አራት ነገር ከነዝርዝሩ አስታውሺያቸው። «ራስሽ ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» ካሉሽ ነጥቦቹን ስጪ እንጂ ደብዳቤውን አትጻፊ፤ የሁለት ሰው ደብዳቤ በአንድ አጻጻፍ ሲመጣ ወዲያው ይታወቃል። ቅጹ ላይ የመሥሪያ ቤት ኢሜይላቸውን አስገቢ። ደብዳቤውን የሚያስገቡበት ሊንክ በቀጥታ ለእነሱ ስለሚሄድ ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላልና በማግስቱ «ደረሰዎት ወይ?» ብለሽ ደውዪ። ቀነ ገደቡንም አንድ ሳምንት አሳጥረሽ ንገሪያቸው፤ ይህ ውሸት አይባልም።

ጥያቄ፦ ሞቲቬሽን ሌተሬ ጥሩ ይመስለኛል፣ ግን ሁለቴ አልተሳካም። አጀማመሩ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለውሃ ምህንድስና ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ይላል።

መልስ፦ ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ ችግሩም እሱ ነው። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ከቆፈርናቸው 14 ጉድጓዶች 5ቱ ፍሎራይድ በዝቶባቸው ተዘጉ። ቦታ ስንመርጥ የከርሰ ምድር ውሃ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ባለሙያ አልነበረንም።» የጎደለህ እውቀት በሁለት ዓረፍተ ነገር ታየ፤ ቀጥሎ ያንን የሚያስተምረውን ኮርስ በስሙ ትጠራለህ። በእርግጥ ቁጥሩ የራስህ መሆን አለበት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠይቁሃል።

ደግሞ አንዱን ደብዳቤ ለሁሉም አትላክ። ቺቭኒንግ መሪነትህንና የሰው ትስስርህን ይመዝናል። የጀርመኑ ዳአድ፣ በተለይ ኢፖስ የሚባለው ፕሮግራሙ፣ ትምህርቱ ከልማት ሥራ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ማየት ይፈልጋል፤ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የመጨረሻ ዲግሪህም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ዓመት ማለፍ የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ በሆነው ኢራስመስ ሙንዱስ ላይ የሚመርጥህ ኮርሱን በጋራ የሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ስለሆነ ለምን በሁለት አገር መማር እንደሚያስፈልግህ አስረዳ። «አውሮፓን ማየት» መልስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ዝቅተኛ ነው። ልደብቀው?

መልስ፦ ትራንስክሪፕቱ ይናገራል። ምክንያት ካለህ በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጸው፣ ከዚያ እለፈው። ጂፒኤውን በራስህ ስሌት ወደ ሌላ አገር ሚዛን አትቀይር፤ ከስንት እንደሆነ ጠቅሰህ እንዳለ አስገባው።

ጥያቄ፦ ስጨርስ እዚያው መቅረት እችላለሁ?

መልስ፦ እንደ ስኮላርሺፑ ነው። የአሜሪካ መንግሥቱ ፉልብራይት በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ) ቪዛ ስለሚወስድ 2 ዓመት አገርህ ሳትቆይ ኤች-1ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛም ሆነ ግሪን ካርድ ማግኘት አትችልም። ቺቭኒንግም አገርህ ተመልሰህ 2 ዓመት እንድትቆይ ያስፈርማል። ኢራስመስ ሙንዱስ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ከመፈረም በፊት የሚነበብ ነገር ነው፣ በኋላ የሚከራከሩበት አይደለም።

ጥያቄ፦ አንድ ኤጀንት «ለማስመዝገቢያ» ገንዘብ ጠየቀኝ።

መልስ፦ አትክፈይ። ቺቭኒንግም፣ ፉልብራይትም፣ ዳአድም ለማመልከቻ አያስከፍሉም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ እሱም ቢሆን በራሳቸው ድረ ገጽ ነው የሚከፈለው፣ እንዲተውልሽም በኢሜይል መጠየቅ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ቀን ማታ ብልክ ችግር አለው?

መልስ፦ ሰዓቱ በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ አይተሃል? ቺቭኒንግ የሚዘጋው በዩቲሲ (በዓለም መደበኛ ሰዓት) ቀትር ላይ ነው፣ ማታ የለም። ፒዲኤፉ ከተፈቀደው መጠን ስለበለጠ እምቢ ማለቱም በዚያች ሰዓት ነው የሚመጣው። ሦስት ቀን ቀድመህ ላክ፣ የማረጋገጫ ኢሜይሉ እስኪደርስህም ገጹን አትዝጋ፤ «ድራፍት» የሚል ከሆነ አልተላከም።