ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ያኔ መች አመመሽ?» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ23 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት አንድ ጤና ጣቢያ ፅንስ አቋርጫለሁ። ሁለት ወር ገደማ ነበር። ምክንያቱን እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ሕጉ ይፈቅድልሻል ተብዬ ነው የተሠራልኝ። በመሣሪያ ነው የሠሩት። ሕመሙ በዝቶብኝ ስጮኽ ነርሷ «ያኔ መች አመመሽ?» አለችኝ። በሩ በየደቂቃው ይከፈት ነበር። «ክንድሽ ላይ የእርግዝና መከላከያ ካልተቀበረ አንሠራልሽም» ብለውም ቀበሩልኝ። አሁንም ትንሽ ትንሽ ደም አያለሁ። ተመልሼ እንዳልሄድ ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም። እንዲህ መባል ያለ ነገር ነው? ወደፊትስ መውለድ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የደሙን ነገር እንጨርስ። ፅንስ ከተቋረጠ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ጥቂት ደም ማየት የተለመደ ነው። አንቺ ላይ ደግሞ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ክንድሽ ላይ የተቀበረው መከላከያ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጊዜውን ያልጠበቀ ደም ያመጣል። ይህን የሚነግርሽ ሰው ቢኖር ኖሮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ባልተጨነቅሽ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ካራሰና ይህ ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ ግን አትጠብቂ። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለም በዚያው ቀን ሂጂ። የግድ እዚያው ጤና ጣቢያ መሆን የለበትም። ሌላ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ገብተሽ የሆነውን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ከማቋረጥ በኋላ ለሚመጣ ችግር ማንኛዋም ሴት መታከም አለባት፤ የት እንዳቋረጠችና ለምን እንዳቋረጠች መመዘኛ አይደለም።

ወደ ነርሷ ልምጣ። የነገረችሽ ቃል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ አዲስ አይደለም። ማዋለጃ ክፍልም ይሰማል። ግን ያለ ነገር ስለሆነ ልክ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ላይ የሕመም ማስታገሻ ለእያንዳንዷ ሴት ሊቀርብላት እንደሚገባ ተጽፏል፤ እስክትጮኽ አይጠበቅም። ከሥራው በፊት አይቡፕሮፌን ይሰጣል፣ የማህፀን በር አካባቢም የማደንዘዣ መርፌ ይወጋል። ሁለቱም ውድ አይደሉም።

ሥራ ይበዛል፣ ክፍሉ ይጠባል፤ ይገባኛል፣ እኔም እዚያው ነው የምሠራው። ግን በር መዝጋት በጀት አይጠይቅም። ስምን መናገር፣ «አሁን ይህን ልሠራ ነው፣ ትንሽ ቁርጠት ይሰማሻል» ማለትም እንደዚያው። ሴቲቱን ማመናጨቅ የሚያመጣውን መዘዝ የምናየው በኋላ ነው። አፍራ ቤቷ የቆየችው ሴት ኢንፌክሽኑ ከተሰራጨ በኋላ ትመጣለች። አንቺም «ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም» ያልሽው ይኸው ነው።

መከላከያውን ማቅረባቸው ተገቢ ነበር። ከማቋረጥ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ይቻላልና። ካልተቀበረልሽ አንሠራም ማለት ግን አይቻልም። ምርጫው የአንቺ ነው፤ አልፈልግም ማለትም ምርጫ ነው። አሁን ከተስማማሽ ይቆይ። ካልተስማማሽ ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅ የለብሽም፣ ሄደሽ ማስወጣት ትችያለሽ። ከወጣ በኋላ ግን ማርገዝ ስለምትችይ በምን እንደምትተኪው አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

ምክንያትሽን አለመጻፍሽ መብትሽ ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ስል ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ነው። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ካልቻለች። የተደፈረች ሴት የራሷ ቃል ይበቃል። «የፖሊስ ወረቀት አምጪ» የሚላት ካለ ሕጉን አላነበበም።

መውለድን በተመለከተ አትስጊ። በሠለጠነ ባለሙያ በንጽሕና የተሠራና ያልተወሳሰበ ማቋረጥ መካን አያደርግም። ጉዳት የሚያስከትለው ኢንፌክሽን ሳይታከም ሲቀር ነው፤ ለዚህ ነው ከላይ ያሉትን ምልክቶች አጥብቄ የነገርኩሽ።

ስለ አያያዙ ዝም ማለት የለብሽም፤ ቅሬታ ማቅረብ ትችያለሽ። ፊት ለፊት መናገር ከከበደሽ የአስተያየት ሳጥን ካለ ጽፈሽ ክተቺ፣ ወይም በምታምኛት ሰው እጅ ላኪ። ሳጥኑ ውስጥ ለምትከቺው ስምሽን መጻፍ የለብሽም። ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የተባልሽውን ቃል እንዳለ ጻፊው።